ደረቱን ወይም ሆዱን የተወጋ ታካሚ፦ ከምልክት ወደ መፍትሄ

የቢላ ቀዳዳ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ውስጡን ግን አይናገርም። ከቁስሉ በፊት ትንፋሹን፣ የደም ግፊቱንና የአንገቱን ደም ሥር እዩ። ጀርባውን፣ ብብቱንና መቀመጫውን ሳታገላብጡ «አንድ ቁስል» ብላችሁ ካርድ ላይ አትጻፉ።

ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ በአንድ ወገን የአየር ድምፅ የለም

ከተቀደደው ሳንባ የወጣው አየር መውጫ አጥቶ ልቡን እየገፋ ነው። ራጅ አትጠብቁ። ለአዋቂ 8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው 14 ቁጥር ካኑላ (የፕላስቲክ ሽፋን ያለው መርፌ) በ4ኛው ወይም በ5ኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከብብት መሃል መስመር ትንሽ ወደ ፊት፣ የታችኛውን አጥንት የላይ ጠርዝ ተጠግታችሁ አስገቡ። ደም ሥሩና ነርቩ የሚሄዱት ከአጥንቱ ሥር ነው። ለግሉኮስ የምንጠቀምበት አጭሩ ካኑላ ወፍራም ሰው ላይ ሳይደርስ ይቀራል፤ ቢደርስም ይታጠፋል። ስለዚህ ወዲያው ከ28 እስከ 32 ቁጥር የደረት ቱቦ ይከተል፣ የውጭ ጫፉም ውሃ ካለበት ጠርሙስ ጋር ይያያዝ፤ በቢላው ቀዳዳ ግን አይደለም።

ቱቦው ገብቶ የጠርሙሱ ውሃ አይወዛወዝም

ከጠርሙሱ እስከ ደረቱ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ። ብዙ ጊዜ ታካሚው ተኝቶበታል፣ ወይም የተረሳ መቆንጠጫ አለ፣ ወይም ደም ረግቶበታል። ይህ ሁሉ ከሌለ ሳንባው ተነፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በራጅ አረጋግጡ።

ውሃው ሳያቋርጥ ይንተከተካል

ቱቦውን ደረቱ አጠገብ ለአፍታ ቆንጥጡ። ካላቆመ አየሩ የሚገባው በመገጣጠሚያዎቹ ነው። ካቆመ ከሳንባው ነው፣ ወይም የቱቦው የመጨረሻ ቀዳዳ ከቆዳ ውጭ ቀርቷል። ቆንጥጣችሁ ግን አትሂዱ፤ የመጀመሪያው ችግር ይመለሳል። የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ይግባ፤ ጠርሙሱም ከደረት በላይ አይነሳ።

ደም ይሞላል

በአንዴ 1500 ሚሊ ሊትር፣ ወይም ከ2 እስከ 4 ሰዓት በየሰዓቱ 200 ሚሊ ሊትር ከወጣ ወደ ኦፕሬሽን። የተለመደው ስህተት አስቀድሞ የተጨመረውን ውሃ ደም ብሎ መቁጠር ነው፤ የውሃውን ልክ በፕላስተር ምልክት አድርጉና ሰዓት ጻፉበት። ድንገት ሲቆምም አትደሰቱ፣ ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል።

አየሩ በሁለቱም ወገን ይገባል፣ ግፊቱ ግን አልነሳም

ቁስሉ በሁለቱ ጡቶች መካከል ወይም አካባቢው ከሆነ የልብ ሽፋን ውስጥ ደም ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው የአንገት ደም ሥሩ ላይገተር ይችላል። አልትራሳውንድ ይረዳል፤ ግራ ደረቱ ደም ካለበት ግን ከልብ ሽፋኑ ወደዚያ ፈሶ ሊያታልል ይችላል። መፍትሄው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ደሙ ስለሚረጋ መርፌ እምብዛም አይስበውም።

ቁስሉ ከጡት ጫፍ በታች ነው

አየር ሲያስወጣ ድያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) እስከ 4ኛው ክፍተት ስለሚወጣ ሆዱም እንደተወጋ ቁጠሩ። ግፊቱ ከወረደ፣ ሆዱ ሲዳሰስ ከጠነከረ ወይም አንጀት ከወጣ ይከፈታል። የወጣውን አንጀት በሳላይን (በጨው ውሃ) በራሰ ጎዝ ሸፍኑ፣ አትመልሱ። ምልክት ከሌለው ቢቻል አንድ ሐኪም ለ24 ሰዓት ሆዱን እየደጋገመ ይዳስስ።

ጭንቅላቱ ካልተጎዳ ደሙ እስኪቆም የላይኛው ግፊት ከ80 እስከ 90 ይበቃል፤ ከፈሳሽ ይልቅ ደም ስጡ። ከተወጋ 3 ሰዓት ካልሞላው ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ። ቢላው ገላው ላይ ተሰክቶ ከመጣ ዙሪያውን በጎዝ አስደግፉና እንደተሰካ ኦፕሬሽን ክፍል አድርሱት።