የሕፃን ጉዳት ሲያጠራጥር፦ ማኅበራዊ ሠራተኛውና ሐኪሙ ምን ይቀባበላሉ?

«ይህ ጥቃት ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የማይረባ መልስ ይዞ ይመለሳል። ሐኪሙ የሚያየው የተሰበረውን አጥንት እንጂ የሰበረውን እጅ አይደለም። መመለስ የሚችለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ጉዳት፣ በዚህ ዕድሜ ላይ ባለ ልጅ፣ አሳዳጊው በተናገረው መንገድ ሊደርስ ይችላል? ለዚህ ደግሞ ታሪኩ በዝርዝር ሊቀርብለት ይገባል።

ወደ ሐኪሙ የሚሄደው መረጃ

«ከአልጋ ወደቀ» አይበቃም። ሜትር ይዘው ወደ ቤቱ ይሂዱ። ከፍራሹ ጫፍ እስከ ወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ ምንጣፍ? ልጁ በየትኛው ጎኑ አረፈ? ሲወድቅ ማን አየ፣ ድምፅ ብቻ የሰማውስ ማን ነው? እንደ ወትሮው የጠባበት ወይም የተጫወተበት የመጨረሻ ሰዓት መቼ ነበር? ከዚያ ሰዓት አንሥቶ ሕክምና እስኪደርስ ድረስ ልጁን የያዙትን ሁሉ በሰዓት ቅደም ተከተል ይመዝግቡ። ልጁ መገልበጥ፣ መዳህ፣ ተደግፎ መቆም ይችል እንደሆነም በዓይንዎ አይተው ይጻፉ። ገና መገልበጥ የማይችል ሕፃን «ተንከባሎ ወደቀ» ከተባለ ትልቁ ፍንጭ ያ ነው።

ቃጠሎ ከሆነ የቧንቧውን ውኃ በቴርሞሜትር ይለኩ። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ በጥልቀት ያቃጥላል፤ 49 ዲግሪ ግን ወደ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። የልጅ ቆዳ ስስ በመሆኑ ከዚህም ይፈጥናል። ልኬቱ ከሌለ ሐኪሙ «ለቅጽበት ነው የገባው» የሚለውን ቃል የሚመዝንበት ነገር የለውም።

የአሳዳጊውን ቃል ሳያሳምሩ፣ እንዳለ፣ ከሰዓቱ ጋር ይጻፉ። ነርሷ ከጻፈችው ጋር ሲነጻጸር የሚለዋወጥ ታሪክ ራሱን ያጋልጣል። የሐኪሙን ግኝት አስቀድሞ ለአሳዳጊው መንገር ግን ከባድ ስሕተት ነው፤ የትኛው ጎድን እንደተሰበረ ያወቀ ሰው ታሪኩን በዚያው ልክ ይሰፋዋል።

ለነገ የማይባሉ ምልክቶች

ከ4 ዓመት በታች ባለ ልጅ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ ጆሮ ወይም አንገት ላይ የታየ በለዝ፤ ከ5 ወር በታች በሆነ ሕፃን ደግሞ የትም ቦታ ላይ የታየ በለዝ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሥጋ መቀደዱ፣ የዓይን ነጩ ክፍል ደም መቋጠሩ፣ የቀበቶ ወይም የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበርም እንዲሁ። ትንሿን በለዝ መናቅ ውድ ያስከፍላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ጥቃት እንደደረሰባቸው ከተረጋገጠ 200 ጨቅላዎች 27.5 በመቶ የሚሆኑት ቀደም ሲል ቀላል የሚመስል ጉዳት እንደነበራቸው አሳይቷል።

የበለዝን ቀለም አይቶ «3 ቀን ሆኖታል» ማለት አይቻልም፤ ሐኪምም ቢሆን። ከልደት ጀምሮ ጀርባና መቀመጫ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ምልክትም በለዝ ሊመስል ስለሚችል ከመጻፍዎ በፊት ሐኪሙ ይየው።

ምርመራው

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካላዊ ጥቃት ሲጠረጠር የመላ አጥንት ራጅ ይነሣል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው። ሙሉ አካሉን በአንድ ፊልም ማንሣት ጥቃቅን ስብራቶችን ያሳልፋል። ራጁ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል፤ ትኩስ የጎድን ስብራት ብዙውን ጊዜ የሚታየው አጥንቱ ሲጠገን አዲስ አጥንት ማብቀል ከጀመረ በኋላ ነውና። ብዙ መዝገቦች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ራጅ «ደህና» ሲባል ፋይሉ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ይቀራል። ቀጠሮውን በዕቅድዎ ላይ ያስፍሩ፤ ልጁን ማን እንደሚያመጣም በስም ይጻፉ።

ከ6 ወር በታች ያሉት ደህና ቢመስሉም ብዙ ጊዜ የራስ ሲቲ ስካን ይታዘዝላቸዋል፤ ጭንቅላት ውስጥ ጉዳት ከተገኘ የዓይን ሐኪም ሬቲናውን (የዓይኑን የኋላ ውስጠኛ ሽፋን) ያያል። በደም ምርመራ የጉበት ኢንዛይም (AST ወይም ALT) በሊትር ከ80 ዩኒት በላይ ከሆነ ሆዱ ላይ ምንም ምልክት ባይኖርም የውስጥ ጉዳት ይፈተሻል። የደም መርጋት ችግርና የአጥንት በሽታም ገና ከጅምሩ ይመረመሩ፤ ቤተሰቡን ያለጥፋቱ ከመክሰስ ያድናል፣ ኋላ የሚነሣውን ክርክርም ያሳጥራል። በዚያው ቤት ያሉ ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሌሎች ልጆች፣ በተለይ መንትያ፣ አብረው ይታዩ።

ወሲባዊ ጥቃት ሲጠረጠር የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ከዚያ በፊት መጀመር አለበት፤ በሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ልጁ ወይም ልጅቷ ሳይታጠቡ ይምጡ፤ ልብሱ በወረቀት ከረጢት እንጂ በፕላስቲክ አይቀመጥ፣ እርጥበት ማስረጃውን ያበላሸዋልና። አብዛኞቹ ምርመራዎች ምንም ጉዳት አያሳዩም፤ ስለዚህ «ምንም አልተገኘም» የሚለውን «አልተፈጸመም» ብለው አይተርጉሙት።

ልጁን ሁሉም ተራ በተራ እንዳይጠይቀው አስቀድመው ይስማሙ። ሐኪሙ ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ብቻ ይጠይቅ፤ ዝርዝሩን የሠለጠነ ሰው አንድ ጊዜ ይውሰድ። «የሆነውን ንገረኝ» እንጂ «አባትህ ነው የመታህ?» አይባልም።

የሐኪሙ ጽሑፍ

«ከጥቃት ጋር የሚጣጣም» የሚለው አገላለጽ ያሳስታል፤ ከአደጋም ጋር ሊጣጣም ይችላል። ደውለው ይጠይቁ፦ በተነገረው መንገድ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ሌላ ምን ሊያስከትለው ይችላል? ሐሳብዎን ምን ሊያስቀይረው ይችላል? በስልክ የተሰጠ አስተያየት በጽሑፍ ይከተል፤ ሁለተኛው ራጅ እስኪመጣ ድረስም «ጊዜያዊ» ይባል። ሁለት ሐኪሞች ከተለያዩ የሚስማማዎትን አይምረጡ። ብዙ ጊዜ አንደኛው ሙሉውን ታሪክ ወይም ሁሉንም ምስል አላየም፤ አንድ ዓይነት መረጃ ይዘው እንዲነጋገሩ ያድርጉ።

በመጨረሻም «ከሆስፒታል መውጣት ይችላል» ማለት ሕክምናው አልቋል ማለት ብቻ ነው። ቤቱ ለልጁ ደህና መሆኑን የሚመዝነው ማኅበራዊ ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ማን እንደሚረከበው ሳይወሰን የመውጫው ወረቀት እንዳይፈረም ሁለቱ ወገኖች ልጁ በገባበት ቀን ይስማሙ፤ አለዚያ አርብ ማታ አልጋ ሲፈለግ ልጁ ወደዚያው ቤት ይመለሳል።