ለማገዶ ሥራ የሚበረክት ጓንት እንዴት እንደሚመረጥ

የማገዶ ሥራ ጓንት ይበላል። ሌላ ሥራ ላይ ዓመት የሚቆይ ጓንት ፍልጥ ሲደረደርበት በጥቂት ቀን ጣቱ ይቀደዳል። የዛፍ ቅርፊት ማለት ሞረድ ነው። ፍልጡን ስታነሱ፣ ስትወረውሩ፣ ስትደረድሩ ቅርፊቱ ጓንታችሁን ይፈገፍገዋል። አንድ ክምር እስኪያልቅ ይህ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል።

ብዙ ሰው መፍትሔው ወፍራም ጓንት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። እጅ የማያሳጥፍ ወፍራም የቆዳ ጓንት ገዛሁ፤ በሁለተኛው ቀን የአውራ ጣቱ ስፌት ተተረተረ። ቆዳው ምንም አልሆነም። ያለቀው ክሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓንት ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ስፌቱ የት የት እንዳለ ነው፤ ውፍረቱ በኋላ ይመጣል።

1. የድሮውን ጓንት ሳትጥሉ እዩት

ያለቀ ጓንት ካላችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና በደንብ ተመልከቱት። የእናንተን አሠራር ከሱ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው የሚወጣው የሌባ ጣትና የአውራ ጣት ጫፍ ላይ ነው፤ ፍልጥ ተቆንጥጦ የሚነሳው በነዚህ ነውና። መዳፉ ከሳሳ የምታነሱት ከባድ ግንድ ይበዛል ማለት ነው። ቆዳው ደህና ሆኖ ስፌቱ ከተፈታ ችግሩ ክሩ ወይም የስፌቱ ቦታ ነው። ቆዳው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ጥፋቱ የጓንቱ ላይሆን ይችላል፤ ርሶ ነበር፣ ከዚያ እሳት ዳር ደረቀ። እንዲህ ከሆነ ሌላ ውድ ጓንት ብትገዙም ያው ነው የሚሆነው።

2. ቆዳውን ለዩ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ዋናው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ወፍራም የከብት ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ በውፍረቱ ይሰነጠቃል። ፀጉር የነበረበት የላይኛው ንብርብር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ገጹም ልስልስ ይላል። ከሥሩ የሚወጣው ንብርብር በሁለቱም በኩል ሻካራ ነው። ሁለቱ እኩል ውፍረት ቢኖራቸው የላይኛው ይበልጥ ይበረታል፤ ውሃም ቶሎ አይጠጣም። የታችኛው ርካሽ ነው፣ ሙቀትም ጥሩ አድርጎ ይችላል። ለዚህም ነው የብየዳ ጓንት ብዙ ጊዜ ከሱ የሚሠራው። እርጥብ እንጨት ላይ ግን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል።

አንዳንዱ የታችኛው ቆዳ ቀለም ተቀብቶ የላይኛውን እንዲመስል ይደረጋል። እንዳትሸወዱ፣ ቆዳውን አጠፍ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ እዩት። የላይኛው ቆዳ ጥቃቅን የፀጉር ቀዳዳዎች ይታዩበታል፤ ሲታጠፍም ቀጫጭን የተፈጥሮ መስመር ያወጣል። የተቀባው ግን ገጹ አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ፕላስቲክ ያብለጨልጫል።

የእንስሳውም ዓይነት ለውጥ አለው። የከብት ቆዳ ለከባድ ግንድና ለሻካራ ቅርፊት ይሆናል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ይገትራል፣ እጅ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። የፍየል ቆዳ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው። ጣት እንደልብ ያንቀሳቅሳል፤ ቀኑን ሙሉ ፍልጥ ለሚደረድር ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው። የአሳማ ቆዳ ርሶ ሲደርቅ እንደ ሌሎቹ ድርቅ አይልም፤ እርጥብ እንጨት ለሚበዛበት ቦታ ጥሩ ነው። የአጋዘን ቆዳ እጅ ላይ ይመቻል፣ ቅርፊት ግን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ጎማ ወይም ናይትራይል የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተነከሩ የሹራብ ጓንቶችስ? እርጥብና የሚያንሸራትት እንጨት ላይ አያያዛቸው ግሩም ነው። ቀላልም ናቸው። ግን ሽፋኑ ጣት ጫፍ ላይ ቶሎ ይላጣል፤ አይበሉባው ሹራብ ብቻ ስለሆነም ስንጥር በቀላሉ ያልፍበታል። አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሰው ይበቃሉ።

3. ስፌቱን መርምሩ

ጓንቱን አድርጉና ፍልጥ እንደምትይዙ ጣታችሁን እጠፉ። አሁን ከእንጨቱ ጋር የሚነካካው ቦታ ላይ ስፌት አለ? ካለ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። ስፌቱ ወደ ጣት ጎንና ወደ አይበሉባ የሸሸ ጓንት ረጅም ዕድሜ አለው። አውራ ጣቱ ደግሞ ለብቻው ተቆርጦ የተሰፋ ቢሆን ይሻላል፤ እጅ ሲከፈትና ሲዘጋ ስፌቱ አይወጠርም።

ከዚያ ሁለት ቁራጭ የተገናኙበትን ቦታ በሁለት እጅ ያዙና ግራና ቀኝ ሳብ አድርጉ። ክሮቹ በመሃል አፍጥጠው ከታዩ ስፌቱ ላላ ያለ ነው፤ መልሳችሁ አስቀምጡት። የጥጥ ክር በእርጥበት ይበሰብሳል። ፖሊስተርና ናይለን የተሻሉ ናቸው። ኬቭላር የተባለው ክር ደግሞ መሳብም ሙቀትም ይችላል፤ አምራቹ ከተጠቀመበት ብዙ ጊዜ መለያው ላይ ይጽፈዋል።

መዳፍ ላይ ድርብ ቆዳ የተለጠፈባቸው አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ድርቡ የት ድረስ እንደሄደ እዩ። መዳፉን ሸፍኖ ጣት ጫፍ ሳይደርስ ከቀረ፣ የሚቀደደውን ቦታ ትቶ የማይቀደደውን ነው ያጠናከረው።

4. ልኩን አትገምቱ

አራቱ ጣቶች ከሚነሱበት አንጓ ላይ፣ አውራ ጣትን ሳትጨምሩ፣ የእጃችሁን ዙሪያ በሜትር ለኩ። 178 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ቁጥር 7 ነው። 203 ቁጥር 8፣ 229 ቁጥር 9፣ 254 ደግሞ ቁጥር 10 ይሆናል። የምትለኩት የበለጠ የምትሠሩበትን እጅ ይሁን።

የሰፋ ጓንት አደገኛ ነው። ትርፍ ጫፉ በሁለት ፍልጥ መሃል ይያዛል፤ ውስጡ እጅ እየተንሸራተተ ውሃ ያስቋጥራል። የጠበበው ደግሞ ስፌቱ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ስለሚውል ቶሎ ይተረተራል። ጭብጥ ስታደርጉ አይበሉባው ላይ ከወጠራችሁ ጠቧል።

5. መለያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንብቡ

ብዙ የሥራ ጓንቶች ላይ የመዶሻ ሥዕልና ኢኤን 388 የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ የአውሮፓ መመዘኛ ነው። ከሥሩ ቁጥሮች ይደረደራሉ። የመጀመሪያው መፈግፈግን፣ ሁለተኛው በስለት መቆረጥን፣ ሦስተኛው መቀደድን፣ አራተኛው መበሳትን ነው የሚለካው። ለማገዶ አንደኛውንና ሦስተኛውን ተመልከቱ። ሁለቱም ከፍተኛ ደረጃቸው 4 ነው። የአንደኛው ቁጥር ፈተና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ሲሆን፣ ደረጃ 2 ለማግኘት ጓንቱ 500 ዙር ሳይበሳ መቆየት አለበት፤ ለደረጃ 3 2,000፣ ለደረጃ 4 ደግሞ 8,000። በደረጃ 2 እና በደረጃ 3 መሃል ያለው ርቀት ከስሙ በላይ መሆኑን ልብ በሉ። እኔ ከ3 በታች አልወስድም።

አራተኛው ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ብቻ እሾህ አያልፍም ብላችሁ ግን እንዳትተማመኑ። ፈተናው የሚደረገው ወፈር ባለ የብረት ዘንግ ነው። ቀጭን እሾህና ስንጥር መንገድ አያጣም።

6. እጅጌና ገበር

ሹራብ እጅጌ የእጅ አንጓ ላይ ጥብቅ ስለሚል ሰጋቱራና የቅርፊት ፍርፋሪ አያስገባም። ሰፊና ደረቅ እጅጌ ያለው በፍጥነት ይወልቃል። እሾሃማ ቅርንጫፍ የሚበዛ ከሆነ ወደ ክርን የሚወጣ ረጅም እጅጌ ፈልጉ። ገበር ብርድ ከሌለ ባይኖር ይሻላል፤ ላብ ይይዛል፣ የእንጨቱንም አያያዝ ይደብቃል።

7. አንዱን ጓንት ለሁሉም ሥራ አታድርጉት

ይህን የምለው ከልቤ ነው። የማገዶ ጓንት የሞተር መጋዝ ሰንሰለት አያቆምም። ለመጋዙ ለብቻው የተሠራ መከላከያ ጓንት አለ። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ደግሞ ጓንት ራሱ አደጋ ነው፤ ማሽኑ ጨርቁን ከያዘ እጅንም ይጎትታል። ምድጃ ውስጥ እንጨት ለመጨመርም ሌላ ጓንት ይኑራችሁ። ናይለንና ፖሊስተር እሳት ሲነካቸው ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። የረጠበ የቆዳ ጓንትም ሙቀትን በፍጥነት ወደ እጅ ያሳልፋል።

8. ከገዛችሁ በኋላ

ሁለት ጥንድ ይኑራችሁና አፈራርቁ። አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ትሠሩበታላችሁ። የረጠበውን ጣት ጣቱን ዘርግታችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ስቀሉት። እሳት ዳርና ፀሐይ ላይ አታድርጉት፤ ቆዳው ይኮማተራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ትንሽ እርጥበት እንደቀረው እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ጣቶቹን እሹት፤ ቅርጹን እንደያዘ ይደርቃል። ሲደርቅ ስፌቱ ላይ በደንብ እያሻችሁ የቆዳ ቅባት ወይም የንብ ሰም ቀቡት።

አንድ ስፌት ሲፈታ በዚያው ቀን ሰም በተቀባ ወፍራም ክር ስፉት። ሦስት ቀን ካሳለፋችሁት ጣቱ በሙሉ ይከፈታል። የሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ቆዳው ሳስቶ ብርሃን ማሳለፍ ከጀመረ ግን መስፋቱን ተዉት። ያንን ጥንድ ለቀላል ሥራ አውርዱት፤ ወደ ፍልጡ አትመልሱት።