የነገሥታቱን ታሪክ በወንጌል ውስጥ ለይቶ ስለ ማንበብ

የአዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች የእስራኤልን ነገሥታት ታሪክ ጠንቅቀው የሚያውቁ ስለ ነበሩ፣ ስለ ጌታ ሲተርኩ ብዙ ጊዜ ምንጩን ሳይጠሩ የዳዊትንና የሰሎሞንን ዘመን ያስታውሳሉ። ይህን ለመለየት የግሪክኛ ወይም የዕብራይስጥ ሊቅ መሆን ግድ አይደለም፤ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ዘርግቶ በትዕግሥት ማንበብ ይበቃል።

መነሻው ጸሐፊው በግልጽ የጠቀሰው ቦታ ይሁን። በማርቆስ 2፥25-26 ዳዊት በተራበ ጊዜ የመሥዋዕቱን ኅብስት መብላቱ ይነሣል፤ በማቴዎስ 12፥42 የሰሎሞንን ጥበብ ልትሰማ የመጣችው ንግሥተ አዜብ ትጠቀሳለች፤ ዕብራውያን 1፥5 ደግሞ ነቢዩ ናታን ለዳዊት ያደረሰውን የተስፋ ቃል ለክርስቶስ ይሰጣል። ከምንጩ ጋር ሲተያይ ልዩነት ቢገኝ በዝምታ ማለፍ አይገባም። ማርቆስ ነገሩ የሆነው በሊቀ ካህናቱ በአብያታር ጊዜ እንደ ሆነ ሲያነሣ፣ በ1ኛ ሳሙኤል 21 ኅብስቱን የሰጠው ካህን የአብያታር አባት ነው፤ ማቴዎስና ሉቃስ ይህንኑ ሲጽፉ ስሙን አላነሡም።

ቀጥሎ በስም ወዳልተጠቀሰው መሻገር ነው። ለዚህ 2ኛ ሳሙኤልን ከምዕራፍ 15 እስከ 18 በአንድ ጊዜ አንብቦ፣ ወዲያው ወደ ሕማማቱ ምዕራፎች ማለፍን እመርጣለሁ፤ በኅዳጉ የተጻፉትን ጥቅሶች ብቻ እየተከተሉ መዝለል የታሪኩን አካሄድ ይሰውራልና። (በግእዙ አቈጣጠር የሚያነብ ሰው ይህን በነገሥት ካልዕ ይፈልገው፤ በዚያ የሳሙኤል ሁለቱ መጻሕፍት ከነገሥት ጋር ይቈጠራሉ።) ዳዊት ልጁ አቤሴሎም ባመፀበት ጊዜ ከኢየሩሳሌም ወጥቶ፣ ቄድሮንን ተሻግሮ፣ እያለቀሰ ደብረ ዘይትን ወጣ፤ ጌታም በተያዘባት ሌሊት ቄድሮንን መሻገሩን ዮሐንስ፣ ወደ ደብረ ዘይት መውጣቱን ሌሎቹ ይነግሩናል። አብሮት የተሰደደው ኢታይ በሞትም በሕይወትም ከንጉሡ እንደማይለይ ማለ፤ ጴጥሮስም ወደ ወኅኒም ወደ ሞትም ለመሄድ መዘጋጀቱን ተናገረ። ንጉሡን የሚሰድበውን ሳሚን ሊገድል የተነሣውን የራሱን ጦረኛ አቢሳን ዳዊት እንደ ከለከለው፣ ሰይፍ የመዘዘውን ጴጥሮስንም ጌታ ከልክሎታል። ዳዊትን ከድቶ ከአቤሴሎም ጋር የተባበረው አማካሪው አኪጦፌል 12,000 ሰው ይዞ በሌሊት ሊወጣና ንጉሡን ብቻ ሊመታ ለአቤሴሎም ምክር አቀረበ፤ ምክሩ እንዳልተሠራበት ባየ ጊዜም ወደ ቤቱ ሄዶ ታንቆ ሞተ። በሳሙኤልና በነገሥት መጻሕፍት በዚህ ዓይነት ሞት ራሱን ያጠፋ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ በማቴዎስ 27፥5 የተጻፈው የይሁዳ ፍጻሜ አኪጦፌልን እንደሚያስታውስ ለእኔ ጥርጥር የለውም።

የተመሳሰለ ሁሉ ግን ማስታወሻ አይደለም፤ ስለዚህ የተገኘውን መመዘን ያስፈልጋል። ስፍራው፣ ሰዎቹ፣ ንግግራቸውና የነገሩ ቅደም ተከተል አብረው ሲገጥሙ ማስረጃው ይጸናል፤ አንዱ ብቻውን ሲገኝ ይደክማል። ማርያም በኤልሳቤጥ ዘንድ ሦስት ወር ያህል መቀመጧ ብቻውን ብዙም አይናገርም። ነገር ግን ታቦቱ በአቢዳራ ቤት ሦስት ወር መቀመጡ፣ ዳዊት ታቦቱ እንዴት ወደ እርሱ እንደሚመጣ መጠየቁና ኤልሳቤጥ የጌታዋ እናት ወደ እርሷ መምጣቷ ከወዴት እንደ ሆነላት መጠየቋ፣ ዳዊት በታቦቱ ፊት መዝለሉና ሕፃኑ በማኅፀን በደስታ መዝለሉ ሲደመሩ፣ ሉቃስ 2ኛ ሳሙኤል 6ን እያሰበ መጻፉ አሳማኝ ይሆናል። እመቤታችንን ታቦት ብሎ ለሚያመሰግን ምእመን ይህ ንባብ እንግዳ አይሆንበትም።

መመሳሰሉ ከተረጋገጠ በኋላ ልዩነቱን መፈለግ የንባቡ ዋና ሥራ ነው፤ ብዙ አንባቢ ግን ከዚህ ሳይደርስ ይቆማል። ዳዊት ቄድሮንን የተሻገረው ሞትን ሸሽቶ ነው፤ ጌታ ግን የሚመጣበትን ሁሉ እያወቀ ሊይዙት የመጡትን ወጥቶ ተቀበላቸው። ዳዊት ስለ አቤሴሎም ሲያለቅስ በልጁ ፋንታ መሞትን ተመኘ፣ አልሆነለትም፤ በወንጌል ግን ንጉሡ ራሱ ስለ ሌሎች ሞተ።

ይህን አካሄድ በራሱ ሊሞክር ለሚወድ፣ በማርቆስ 11 የተጻፈውን ወደ ኢየሩሳሌም መግባት ከሰሎሞን ንግሥ (1ኛ ነገሥት 1፥32-40) እና ልብሳቸውን ከእግሩ በታች ካነጠፉለት ከኢዩ ታሪክ (2ኛ ነገሥት 9፥13) ጋር ያስተያይ። ሰሎሞን በአባቱ በቅሎ ተቀምጦ ነገሠ፣ ኢዩ የአክዓብን ቤት ሊያጠፋ ተነሣ፤ በውርንጫ የገባው ንጉሥ ከእነዚህ ከሁለቱ ምን እንደ ወሰደና ምን እንደ ተወ አንባቢው በጽሑፍ ይዞ ይመዝን።