ሰባት ሰው፣ አንድ ደብተር፦ የአእምሮ ሕክምናን ከቤት ሆነን እንዴት እናስተባብር

ታናሽ ወንድሜ መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት መቀመጥ አቃተው። ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር። ምግብ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነጠላ ጫማው ድምፅ ይቀሰቅሰኛል፤ ሳሎኑን ይዞረዋል። እማዬ «ባሰበት» አለች። ጎረቤት ደግሞ «ጸበሉን አቋርጦ ነው» አለ። ቀጠሮው ሲደርስ እኔም ለሐኪሙ «ረብሻው ጨምሯል» ብዬ ነገርኩት። መድኃኒቱ ከፍ ተደረገ። ወንድሜም መዞሩን ጨመረ።

ነገሩን የፈታችው የአእምሮ ጤና ነርሷ ናት። ቦርሳዬ ውስጥ የመድኃኒት ወጪ የምመዘግብበት ደብተር ነበረኝ፤ ከሒሳቡ አጠገብ «ዛሬም አልተኛም»፣ «ምሳ ላይ ተነሳ» እያልኩ ጫር ጫር አድርጌበታለሁ። ሲስተር ደብተሩን ተቀብላ ቀኖቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀችው፦ «መቀመጥ ያቃተህ ሐሳብ አስጨንቆህ ነው ወይስ እግርህ ራሱ አላስቀምጥ ብሎህ?» «እግሬ ነው» አለ። ደብተሩን ይዛ ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባች። መዞሩ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነበር፤ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ይህን እንደሚያመጡ የታወቀ ነው። መጠኑ ተቀነሰ፣ ሌላ ክኒን ተጨመረለት። ከሳምንት በኋላ ወንድሜ እስከ በረካ ድረስ ተቀምጦ ቡና ጠጣ።

ሐኪሙ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እኔ «ረብሻ» አልኩት፣ እሱም ረብሻን አከመ። ያጎደልነው እውቀት ሳይሆን ንግግር ነው። የአእምሮ ሕክምና በቡድን መሰጠት አለበት ሲባል የምትሰሙት ለዚህ ነው፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል፣ ግን ያየውን ካልተነጋገረበት ምንም አይጠቅምም። እኛ አገር ደግሞ ቡድኑ ተሟልቶ አንድ ጣሪያ ሥር የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስቶችን (የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን) እዚሁ ማሰልጠን የጀመረው እንኳን በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹን የሚያገናኘው ክር አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ነው። ክር መሆን ደግሞ የሚለመድ ሥራ ነው። እኔ የለመድኩበትን መንገድ ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት የታመመውን ሰው ጠይቁት። «ለሲስተር የነገርከኝን ለሳይኮሎጂስቷም ልንገራት?» በሉት። አንዳንዱን እሺ ይላል፣ አንዳንዱን እንቢ ይላል። ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር እስካልሆነ ድረስ እንቢ ያለውን አክብሩለት። እኛ ቤት ወንድሜ ስለ አንዲት ልጅ የነገረኝን «ይሄ ከአንቺ ጋር ይቅር» ብሎኛል፤ ደብተሩ ላይ የለም፣ አይገባምም። እሱ ሳያውቀው በጀርባው የሚሰበሰብ ቡድን ቆይቶ እንደ ጠላት ነው የሚታየው፣ በተለይ ሕመሙ ራሱ ሰው የሚያስጠረጥር ከሆነ።

ቀጥሎ ደብተሩ። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የመድኃኒቶቹን ስም፣ ሚሊግራሙን፣ የሚወሰድበትን ሰዓት፣ ማን እንዳዘዘውና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጻፉ። ከዚህ በፊት ወስዶት ያልተስማማው መድኃኒት ካለ እሱንም። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ ሌላም ሕመም ካለ እዚያው ይግባ። ስልክ ቁጥሮችም። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ በቀን አንድ መስመር፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ በላ ወይ፣ ክኒኑን ወሰደ ወይ፣ ምን የተለየ ነገር ታየ። ከአንድ መስመር አታስረዝሙት፤ ካስረዘማችሁት በአሥረኛው ቀን ትተዉታላችሁ። ትልቁ ነገር ግን ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አለመጻፍ ነው። «ረበሸ» አትበሉ። «ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ እስከ 11 ዞረ» በሉ። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፣ ሁለተኛው መረጃ ነው፤ እኔ ይህን ልዩነት የተማርኩት በወንድሜ እግር ነው።

አሁን ሰዎቹን እንወቃቸው፤ ለማን ምን እንደሚጠየቅ ካላወቅን ሁሉንም ለሐኪሙ እየጠየቅን የአሥር ደቂቃ ቀጠሯችን ያልቃል። እኛ ዙሪያ ሰባት ሰዎች አሉ። ሐኪሙ ሕመሙን ይለያል፣ መድኃኒት ያዝዛል፣ እንደ ታይሮይድ ያለ የሰውነት ችግር ከሥሩ እንዳለ በላብራቶሪ ያጣራል። ነርሷ በየቀጠሮው የምታየውና ለውጡን ቀድማ የምትይዘው እሷ ናት። ሳይኮሎጂስቷ በንግግር ሕክምና ታግዘዋለች፤ ድምፅ ሲሰማው ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ፍርሃቱን እንዴት እንደሚያልፈው። ሶሻል ወርከሩ ኑሮውን ይይዛል። ፋርማሲስቱ መድኃኒቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣሉ ያያል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን ድረስ ትመጣለች። ሰባተኛው የንስሐ አባታችን ናቸው።

ሶሻል ወርከር የሚባለውን ሰው አትለፉት። ብዙ ቤተሰብ መኖሩንም አያውቅም። የወንድሜን መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያስተካከለልን እሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት መሥራት ካልቻለ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። እኛ ይህን ስላላወቅን የሥራ መልቀቂያ ሊያስገባ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። የሕክምና ማስረጃው በጊዜ መቅረብ አለበት፤ ስለዚህ «የሥራው ነገር እንዴት ይሁን?» ብላችሁ ገና ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጠይቁ። የጤና መድኅኑንም እሱን ጠይቁት።

ፋርማሲስት ጋ ስትሄዱ ከእጅ ወደ እጅ ተቀብላችሁ አትመለሱ። ደብተሩን ገልጣችሁ «ከእነዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል?» በሉ። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። ካርባማዜፒን የሚባለው መድኃኒት የወሊድ መከላከያ እንክብልንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ያዳክማል። መድኃኒቱን ያዘዘው ሆስፒታል ነው፣ መከላከያውን የሰጠችው ጤና ኬላ ያለችው ልጅ ናት፣ ሁለቱ አይተዋወቁም። እህታችሁ ወይም ሚስታችሁ ከሆነች የታመመችው፣ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርሱት እናንተ ናችሁ። ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ለጽንስ አደገኛ ስለሆነ ልትወልድ የምትችል ሴት ሲታዘዝላት ሌላ አማራጭ እንዳለ ሐኪሙን መጠየቅ አለባት።

ወደ ጸበሉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። እኛ ሐኪሙን ፈርተን ጸበሉን ደበቅን፤ አባን ፈርተን ክኒኑን ደበቅን። ወንድሜ በሁለት ውሸት መሃል ከረመ። በኋላ አባን ቤት ጠርቼ ደብተሩን ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሦስት ነገር ለመንኳቸው፦ ክኒኑን ከጸበሉ ጋር እንዲወስድ በአንደበታቸው እንዲነግሩት፣ ከጾሙ እንዲፈቱት፣ ማንም እንዳያስረውና እንዳይመታው። አባ ትንሽ ዝም አሉና «መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ክኒኑን በጸበሉ ዋጠው» አሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ክኒን ውሰድ ብዬ ተከራክሬው አላውቅም። የሐኪሙ ሃያ ደቂቃ ምክር ያላደረገውን የአባ አንድ ቃል አደረገው።

ጾሙን ለምን እንዳነሳሁት ላስረዳ። ሊቲየም የሚባለውን የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ውኃ ሲያጥረው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይከማችና ይመርዘዋል። ጸበል በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ በፀሐይ መቆም፣ ምግብና ውኃ ሳይቀምሱ መዋል፤ ሁሉም ወደዚያ ይወስዳሉ። እጁ ከወትሮው በላይ ከተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ውሰዱት። ይህን ሐኪሙ ያውቃል፣ ግን ጸበል ቦታ የለም። አባ ጸበል ቦታ አሉ፣ ግን ሊቲየምን አያውቁም። ቡድን ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሙስሊም ቤተሰብም ያው ነው፤ ረመዳን ሳይገባ ከሐኪሙም ከሼሁም ጋር ተነጋገሩ፣ የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ሱሁርና ኢፍጣር ይዛወር ወይስ አይጹም የሚለውን አንድ ላይ ይወስኑ።

ባለሙያዎቹ ሳይስማሙስ? ይሆናል። ሳይኮሎጂስቷ «ወደ ሥራ ይመለስ» ስትል ሐኪሙ «ገና ነው» አለ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ መልእክተኛ ከመሆን ይልቅ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ስልኬን አውጥቼ «ዶክተር፣ እባክዎ አንድ ደቂቃ ያናግሯት» ብዬ ደወልኩላት። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፣ ግን አናገራት። በሦስት ደቂቃ ውስጥ በግማሽ ቀን እንዲጀምር ተስማሙ። ይህን ስታደርጉ ለሁለቱም ቀድማችሁ ንገሩ፣ ሰዓቷን ጠይቁ፣ የታመመውም ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኑር። መደወል ካልተቻለ በደብተሩ ላይ አንድ መስመር እንዲጽፉ ለምኑ። የማይጽፍ አለ። ያኔ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላችሁ የተባለውን ሳይረሳችሁ ራሳችሁ ጻፉት።

አንድ ሰው ደግሞ ዋና ተጠሪ ይሁን። ሰባቱንም በየሳምንቱ ማስተባበር አይቻልም። እኛ «ሲስተር፣ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ለማን እንደውል?» ብለን ጠየቅናት፣ «ለእኔ» አለች። ከቤተሰብም እንዲሁ፤ ደብተሩን የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን፣ ሌላው ይተካው። እኔ ስድስት ወር ብቻዬን ይዤው እንቅልፍ አጥቼ ራሴ ታማሚ ልሆን ስል ነው ቅዳሜና እሁድን አጎቴ የወሰደልኝ።

«የአገር ቤት ሰው ነን፣ ሳይካትሪስት ከየት ይመጣል?» ለምትሉ፣ በጉራጌ አካባቢ ያለችውን የሶዶ ወረዳን ልጥቀስ (የወላይታዋን ሶዶ ከተማ ማለቴ አይደለም)። እዚያ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሰልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዲከታተሉ ተደርጓል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ አንድ ነገር አሳየ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ ሐኪም ያልሆኑ ግን የሰለጠኑ የአካባቢው ሠራተኞች ቤታቸው እየሄዱ ሲደግፏቸው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በዕለት ኑሯቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆነው ተገኙ። ክኒኑን ጤና ጣቢያው ይሰጣል፤ ከሰው ጋር መቀላቀሉን፣ ሥራውን፣ ከዕድር መግባቱን ደግሞ ቤት የሚመጣው ሰው ያግዛል። እኛም ሰፈር የዕድሩ ዳኛ ወንድሜን ድንኳን ተከላ ላይ ስሙን ጠርተው አሰለፉት። የዚያን ቀን መስመር ደብተሩ ላይ «ድንኳን ተከለ፣ ራቱን በላ፣ 8 ሰዓት ሙሉ ተኛ» ይላል።

ለክፉ ቀን የሚሆነውን ሳይመጣ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት፣ እሱ ደህና ሆኖ አብሮ እየተናገረ። እኛ ጋ ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው ለሁለት ሌሊት አለመተኛቱ ነው፤ ሁለተኛ ሌሊት ከሆነ ለሲስተር እንደውላለን። መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ብቻውን አይተውም፣ መድኃኒቱና የተባይ መርዙ ከቤት ይወጣል፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን። ኃይለኛ ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ እንደ እንጨት ከደረቀም እንዲሁ፤ እሱ የመድኃኒቱ ከባድ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። የትኛው ሆስፒታል፣ በማን መኪና፣ ማን አብሮ ያድራል፣ ይህም ይጻፍ።

አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነን። ከመስከረም ጀምሮ መስመሩን የሚጽፈው ወንድሜ ራሱ ነው፤ እኔ የማየው ሲያሳየኝ ብቻ ነው። ሐሙስ ቀጠሮ አለው። ለሐኪሙ ያዘጋጀውን ጥያቄ ትናንት አሳየኝ፦ «ስድስት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ከክኒኑ ነው? ስኳሬስ ይታይልኝ?»