የሐረጎ ዳገት ላይ አቅም ላጣ ባለ ቱርቦ መኪና ያገኘሁት መፍትሔ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ባለ ቱርቦ መኪናዬ ሐረጎ ላይ ሞተሯ በደቂቃ ከ3000 ዙር ማለፍ አቃታት፤ የሞተር መብራቱም በርቶ ስካነሩ ፒ0420 የሚል ኮድ አወጣ፤ ይህም ካታሊስቱ (በጭስ ማውጫው ላይ ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) በአግባቡ አይሠራም ማለት ነው። ካንዴላውን፣ የነዳጅ ፊልትሮውንና የኋላውን የኦክስጅን ሴንሰር በየተራ ብቀይርም አራት ቀን ባከነ እንጂ ለውጥ አልመጣም።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከካታሊስቱ በፊት ያለውን ሴንሰር በ22 ቁልፍ ፈትቼ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ስገጥም ነው፤ በ2500 ዙር ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ማለፍ የሌለበት ግፊት 8 ደረሰ፤ ካታሊስቱ ተደፍኖ ጭሱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው።

ግቢዬ ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍኋት (ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ እባካችሁ ይህን አትዝለሉ)። ካታሊስቱን ለማውጣት የዛጉትን ብሎኖች በጉልበት ስታገል አንዱ ተሰበረ፤ የቀሩትን ግን ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የዝገት ማላቀቂያ ነፍቼባቸው አሳደርሁና በማግስቱ ጥቂት ወደ መፍታት፣ ጥቂት ወደ ማጥበቅ እያላወስሁ ያለ ችግር አወጣኋቸው። የማር እንጀራ የሚመስለው የካታሊስቱ ውስጥ ቀልጦ እንደ ጥቁር ኮረት ተጋግሯል። እንዲህ የሚያቀልጠው አብዛኛውን ጊዜ ሳይቃጠል የሚያልፍ ቤንዚን ስለሆነ፣ ሞተሩ የሚያነጥስ (ነዳጁን አልፎ አልፎ ሳያቃጥል የሚዘል) ከሆነ አዲሱ ከመገጠሙ በፊት እርሱ ይስተካከል።

አዲሱን ካታሊስት ከአዲስ ጓርኒሲዮን (ጭስ እንዳያመልጥ በመጋጠሚያው መካከል ከሚገባው ማሸጊያ) ጋር አስገብቼ፣ ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ካስያዝሁና ቱቦው መስመሩን ከያዘ በኋላ ብቻ አጠበቅሁ። ሐረጎን ዛሬ በሦስተኛ ማርሽ ወጣኋት።