ኦንላይን ጸሐፊ ስትቀጥሩ

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ጸሐፊ እፈልጋለሁ» ብላችሁ ብትለጥፉ ኢንቦክሳችሁ ወዲያው ይጥለቀለቃል። ግማሹ «ክፍያው ስንት ነው?» ነው፣ ግማሹ ባዶ ሲቪ። ከባዱ ሰው ማግኘቱ ሳይሆን መለየቱ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ሥራውን ዘርዝሩት። ለምሳሌ ለሕፃናት ክሊኒክ ገጽ ከሆነ፦ በአማርኛ፣ 600 ቃል፣ በሳምንት አንድ፣ ክፍያው ይህን ያህል ብር። «በስምምነት» አትበሉ፤ ጎበዞቹ ሥራ ስላላቸው ለክርክር ጊዜ የላቸውም። መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጉ፦ «ስለ ክትባት ብትጽፉ መጀመሪያ ማንን ትጠይቃላችሁ?» ይህን ሳይመልስ ሲቪ ብቻ የላከውን እለፉት፣ ማስታወቂያውን አንብቦ አልጨረሰም ማለት ነው።

«የኔ ሥራ ነው» ብሎ ከላከው ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ በትእምርተ ጥቅስ ጉግል ላይ ፈልጉት። በሌላ ሰው ስም ከወጣ አለቀ።

ከዚያ ለሁለት ሦስት ሰው አጭር ሙከራ ስጡ። በክፍያ! በነፃ ማሠራት ነውር ነው፣ ደህናው ሰውም እሺ አይላችሁም። ሙከራው ውስጥ የአገር ቤት መረጃ የሚጠይቅ ነገር ይኑር። ስለ ኩፍኝ ክትባት አጽፉ እንበል። እኛ አገር የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው የሚሰጠው። «ከ12 ወር ጀምሮ» ብሎ የጻፈላችሁ ሰው ከአሜሪካ ድረገጽ ገልብጦ ነው ወይም ማሽን አስጽፎ ሳያጣራ ልኮታል፣ አማርኛው የቱንም ያህል ቢያምር ለጤና ጽሑፍ አይሆናችሁም።

ቻትጂፒቲ ይሁን አይሁን በሶፍትዌር ለመለየት አትድከሙ፣ በተለይ በአማርኛ አታምኗቸው። ጽሑፉን ጉግል ዶክስ ላይ እንዲሠራና ኤዲት የማድረግ ፈቃድ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት፤ ቨርዥን ሂስትሪው (ጽሑፉ የተለወጠበት መዝገብ) ውስጥ እየተሰረዘ እየተደለዘ ማደጉን ወይም ሙሉው በአንዴ ፔስት መደረጉን ታያላችሁ። ሌላ ቦታ ጽፎ ያመጣም አለ፣ ስለዚህ ወዲያው አትፍረዱ። ደውሉና «ይቺን ከየት አገኟት?» በሉ። ራሱ የጻፈ ሰው አይጠፋውም።

ክፍያ ላይ፣ ሰውየውን ያገኛችሁት አፕወርክ (ፍሪላንሰር የሚቀጠርበት ድረገጽ) ላይ ከሆነ፣ በቁርጥ ዋጋ ሥራ ገንዘቡን ቀድማችሁ ታስይዛላችሁ፣ ሥራውን ስታጸድቁ ይለቀቃል። ሥራው ከገባ በኋላ 14 ቀን ዝም ካላችሁ ግን በራሱ ይለቀቃልና ቶሎ እዩት። በቴሌግራም ካገኛችሁት ሰው ጋር ግን የሚዳኛችሁ የለም። ግማሹን በቴሌብር ቅድሚያ፣ ግማሹን ርክክብ ላይ። ስንት ጊዜ እንደሚያርም፣ መቼ እንደሚያስረክብ፣ ጽሑፉ የማን እንደሚሆን በስልክ ብትነጋገሩም መልሳችሁ በጽሑፍ ላኩለትና «ተስማምቻለሁ» ይበል።

ደህና ሰው ካገኛችሁ ቀሪውን ለነገ አታሳድሩ፣ ጽሑፉን በተቀበላችሁበት ቀን ላኩለት። የሚቀጥለውን ሥራም ያኔውኑ ንገሩት፣ አለበለዚያ ሌላ ደንበኛ ይይዘዋል።