ሳሙናችሁን በእርድ አቅልሙት
ቤት ውስጥ ሳሙና መሥራት ለጀመራችሁ የባሕር ዳር ልጆች፦ ለቀለም ከእርድ ጀምሩ። ለግማሽ ኪሎ ዘይት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ዱቄቱን በቀጥታ አትነስንሱት፣ ይጓጉላል። ከዘይቱ ትንሽ ቀንሳችሁ ስኒ ውስጥ እሹት። እንደ አዋዜ ልም ሲል፣ የሳሙናው ውህድ ወፈር ማለት ሲጀምር ጨምሩት። ጓንትና መነጽር ግን አደራ!

ኮስቲክ ሶዳው (ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው ኃይለኛ ኬሚካል) ሲነካው እርዱ ቀይ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ቀን ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። ቆይቶ ግን ደስ የሚል ወርቃማ ሆነ። ከርከዴ አትሞክሩ፤ ቀዩ ጠፍቶ ቡናማ ይሆንባችኋል።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲደርቅ ጥላ ውስጥ ይሁን። የእኛ ከተማ ፀሐይ የእርድን ቀለም ቶሎ ያደበዝዘዋል። እኔ አልጋ ሥር ነው የማስቀምጠው።